የቀኝ በር ጭረቶች

ወንድሜ በሕይወቱ የማያስፈልገውን ነገር የገዛው አንዴ ብቻ ነው። አምሳ ዓመቱን አልፎ፣ ዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ኦፕፊኮን በሚገኝ ሆቴል የእንግዶች ሚኒባስ እየነዳ ሲኖር፣ አንድ ቀን ደወለልኝና «መኪና ገዛሁ» አለኝ።

እኔ የምኖረው ጄኔቫ ሜራን ውስጥ ነው። አንድ ዲፕሎማት ቤት ምግብ አበስላለሁ፣ ቤት እይዛለሁ። ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር።

«እንኳን ደስ ያለህ ጋሼ! ምን ዓይነት መኪና?»

«ስትሰሚው ይገባሻል» አለኝ። «ስታዪው» አላለም።

በማግስቱ እሑድ ከዙሪክ ጄኔቫ ድረስ ነድቶት መጣ። እውነትም ከማየቴ በፊት ሰማሁት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ የመስኮቱ መስታወት ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ስወርድ ጥቁር፣ ረጅም፣ አራት በር ያለው የአሜሪካ መኪና የሕንፃችንን ፓርኪንግ ይዞ ቆሟል፤ አፍንጫው ከመሥመሩ ወጥቶ የአበባው መደብ ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ለሚያየው፣ ሽማግሌ የሚነዳው የቤተሰብ መኪና ይመስላል። ውስጡ ግን ባለ ስምንት ሲሊንደር የእሽቅድምድም ሞተር አለ። ፋብሪካው ጥቂት ዓመት ሠርቶት ገበያ ሲያጣ ማምረቱን አቁሟል። ጋሼ ይህን ሁሉ የነገረኝ ሞተሩን ሳያጠፋ ነው፤ እጁን ጣሪያው ላይ አሳርፎ፣ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚዳስስ።

«ሠላሳ ዓመት የሰው መኪና ነዳሁ» አለኝ። «ይሄ የኔ ነው።»

እኔ ስለ መኪና የማውቀው በሩን መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው። መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ አውጥቼም አላውቅም። ግን ፊቱን አየሁ። ሚስቱ ከተለየችው ወዲህ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም ነበር። ስለዚህ ጎረቤቶቼ በመስኮት ብቅ ብቅ እያሉ ሲያጉረመርሙ እንኳ «አጥፋው» ማለት አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ዙሪክ ልጠይቀው በሄድኩ ቁጥር፣ ቀኑ የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከሆነ፣ ወደ ሰዎቹ ይወስደኝ ጀመር። ሰዎቹ ማለት የዚያው መኪና ባለቤቶች ናቸው። እሑድ ሱቅ ሁሉ ዝግ ስለሆነ፣ አንድ ትልቅ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ደጅ ያለው ባዶ ፓርኪንግ ላይ ይሰበሰባሉ። ስምንት ወይም ዘጠኝ ይሆናሉ። አንዷ ዙሪክ ከተማ ውስጥ ትራም የምትነዳ ረጅም ሴት ናት። አንደኛው ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው፤ ነጭ ሪዝ ያላቸው፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ ወጣት ሳሉ ሎዛን ሠርተው ስለነበር ከእኔ ጋር በፈረንሳይኛ የሚግባቡ። ሌሎቹን በስማቸው ሳይሆን በመኪናቸው ቀለም ነው የማውቃቸው።

ሲገናኙ መጀመሪያ ሰላም የሚሉት መኪናውን ነው። ይዞሩታል፣ ጎንበስ ብለው ከሥሩ ያያሉ፣ ከዚያ በኋላ ባለቤቱን ይጨብጣሉ። ወሬያቸው ሁሉ ስለ ዕቃ ነው። ፋብሪካው መኪናውን ብቻ ሳይሆን መለዋወጫውንም ማምረት ስላቆመ፣ አንድ የበር እጀታ ከተሰበረ ዓለምን መዞር ነው። አንዱ የኋላ መብራት አንድ ዓመት ፈልጎ ከካናዳ እንዳስመጣ ሲናገር ሌሎቹ ልጁ ዩኒቨርሲቲ እንደገባለት አባት ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ጋሼ መሐላቸው ቆሞ በጀርመንኛ ሲሳሳቅ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ ከተማ የሚያውቀው ሰው የሆቴሉ እንግዳና የእኛ አገር ሰው ብቻ ነበር። አሁን በሩን አንኳኩተው የሚገቡ ጓደኞች አሉት።

ነገሩ የተጀመረው በሦስተኛው ዓመት፣ በመከር ወር በአንዱ እሑድ ነው።

ያን ቀን የጋሼ መኪና የቀኝ ስፖኪዮ መስታወት አልነበረም። ኦፕፊኮን የሚኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ምሰሶ መትቶት ተሰብሯል። ሰዎቹ ከበቡት። ቧንቧ ሠራተኛው አንድ ጉልበታቸውን መሬት አድርገው የቀኙን ጎን ከፊት እስከ ኋላ በጣታቸው ዳሰሱት። መስታወቱ ብቻ አይደለም፤ የፊተኛው በር ላይ ሁለት ረጅም ጭረት፣ የኋለኛው በር ላይ አንድ፣ ጎማው አጠገብ ደግሞ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ቦታ ነበር። ተነሥተው ወደ ግራ ዞሩ። የግራው ጎን እንደ አዲስ ያበራል። ምንም የለበትም።

በጀርመንኛ አንድ ነገር ተናገሩ። እኔ እንኳ ገባኝ። «ሁሉም በቀኝ ነው» ነው ያሉት።

ጋሼ ሳቀ። «የስዊዝ ፓርኪንግ ለብስክሌት ነው የተሠራው!» አለ። ሌሎቹም ሳቁና እያንዳንዱ የራሱን ምሰሶ፣ የራሱን ግንብ ማውራት ጀመረ። እውነት ነበር፤ መኪናው ትልቅ ነው፣ ቦታው ጠባብ ነው፣ ያልተጫረበት ሰው አልነበረም። ቧንቧ ሠራተኛው ብቻ አልሳቁም። ትንሽ ቆይተው እኔ ወደቆምኩበት መጡ።

«እመቤት» አሉኝ በፈረንሳይኛ፣ «ወንድምሽ ደህና ያያል?»

«አዎ አዎ፣ ደህና ያያል» አልኳቸው። ቶሎ ብዬ ነው ያልኩት። አሁን ሳስበው፣ ጥያቄውን ሳይጨርሱ ነው የመለስኩት።

ከዚያ ምሳ ልንበላ ላንግሽትራሰ ወዳለው የአበሻ ምግብ ቤት ሄድን። በያይነት አዘዝን፤ አንድ ትሪ መሐላችን ተቀመጠ። ጋሼ ከፊቱ ያለውን ሽሮ፣ በግራው ያለውን ምስርና ድንች በላ። ከዚያ እጁን ጠረግ ጠረግ አድርጎ አሳላፊዋን ጠራት።

«እኅቴ፣ ጎመን አላችሁም እንዴ ዛሬ?»

ልጅቷ ትሪውን አየች፤ እኔን አየችኝ። ጎመኑ በቀኙ በኩል፣ ከእጁ አንድ ስንዝር ላይ፣ ሳይነካ ተከምሯል። እኔ ምን አደረግሁ? ትሪውን ቀስ ብዬ አዞርኩት። «ይኸው ጋሼ» አልኩ። «አሃ» አለና በላ። ልጅቷም ሄደች። ቧንቧ ሠራተኛው የጠየቁኝ ከሁለት ሰዓት በፊት ነበር፤ እኔ ግን ጭረቱን በጠባብ ቦታ፣ ጎመኑን በሐሳብ መዋጥ እያመካኘሁ ተቀመጥኩ።

ወደ ባቡር ጣቢያ ሊያደርሰኝ ስንሄድ አንድ መታጠፊያ ላይ ወደ ቀኝ አሽከረከረ። እኔ ከጎኑ ነኝ። በመስኮቴ በኩል ሰማያዊ የራስ ቁር ያደረገች ሴት በብስክሌት ስትመጣ አየኋት። ያያታል ብዬ ዝም አልኩ። መኪናው መዞሩን ቀጠለ። «ጋሼ!» ብዬ ስጮህ ነው ፍሬን የያዘው። ሴትዮዋ ብስክሌቷን ወደ እግረኛ መንገድ ወርውራ፣ በመዳፏ ጣሪያውን ሁለት ጊዜ ደበደበችው። ፊቷ ነጭ ሆኗል። አንድ ነገር ጮኸችበትና ሄደች።

ጋሼ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ቀረ። ከኋላችን ያሉት ጥሩምባ ይነፋሉ።

«ከየት መጣች?» አለኝ።

«ከቀኝ።»

«አላየኋትም።»

«አውቃለሁ» አልኩት። ጣቢያው ድረስ በቀስታ ነዳ፤ እኔም በየመታጠፊያው አንገቴን እያዞርኩ በቀኝ ያለውን ሁሉ ሳይጠይቀኝ እነግረው ጀመር። ሰው አለ። ትራም አለ። ባዶ ነው። እሱም «እሺ» እያለ ተቀበለኝ። ያ «እሺ» ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

በነጋታው ደወልኩለት። ዓይኑን እንዲታይ ለመንኩት። በመጀመሪያ «መነጽር ሳያስፈልገኝ አይቀርም» አለ። ሳምንት ቆይቼ ደግሜ ስጠይቀው ተቆጣ።

«እኔ የሕዝብ ሹፌር ነኝ! በየጊዜው ሐኪም ያየኛል። ከሁለት ወር በኋላ ተራዬ ነው፤ ያኔ ይታያል። አሁን ሄጄ ‹አላይም› ልበልና ከሥራ ልታስወጪኝ ነው?»

«ሰው ብትገጭስ?»

ስልኩን ዘጋው። በሕይወቱ ዘግቶብኝ አያውቅም ነበር።

እነዚያ ሁለት ወራት እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። የአሠሪዬ የማዳም ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ግድግዳው ላይ ሰዓት አለ። ጠዋት የልጆቹን ቁርስ ስሠራ አየዋለሁ፤ ይኼኔ ጋሼ የመጀመሪያዎቹን እንግዶች ጭኖ ከሆቴል ወደ አውሮፕላን ማረፊያ እየሄደ ነው። ሻንጣ የሚጎትቱ እናቶች፣ እንቅልፍ ያልጠገቡ ልጆች። ለሆቴሉ ልንገር? እንጀራውን ልቁረጥ? አንድ ቀን ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ በፈረንሳይኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። ስሙ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ በየቀኑ ይዤው በትራም ወደ ሥራ እሄዳለሁ፣ ይዤው እመለሳለሁ። ማዳም «አሞሻል?» አለችኝ። «አይ» አልኩ። ለቧንቧ ሠራተኛው መደወልም አሰብኩ፤ ምን እላቸዋለሁ? ያኔ ዋሽቼዎታለሁ?

እግዚአብሔር ጠበቀ እንጂ እኔ ምንም አላደረግሁም። ለዚህ እስከ አሁን ራሴን ይቅር አላልኩም።

ተራው ደረሰ። የመጀመሪያው ሐኪም አንድ ነገር ጠርጥሮ ወደ ዓይን ክሊኒክ ላከው። ጋሼ ያን ጊዜ ራሱ ደውሎ «ነይ» አለኝ። ከማዳም ፈቃድ ጠይቄ በመጀመሪያው ባቡር ሄድኩ።

መብራት የተቀነሰበት ትንሽ ክፍል ውስጥ አስገቡን። እኔን ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። እሱ አገጩን ድጋፍ ላይ አሳርፎ ነጭ ጎድጓዳ ሳሕን የሚመስል ነገር ውስጥ ያያል፤ እጁ ላይ ቁልፍ አለ። ውስጥ ትንንሽ ብርሃን ብልጭ ይላል፤ ብርሃኑን ባየ ቁጥር ቁልፉን መጫን አለበት። ብርሃኑ ለእኔ አይታየኝም። የሚሰማኝ የቁልፉ ድምፅ ብቻ ነው። ግራ ዓይኑ ሲመረመር ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ አልፎ አልፎ ይቆማል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ከዚያ ወደ ቀኙ ተዛወሩ። ጠቅ። ዝም። ዝም። መሣሪያው እየሠራ እንደሆነ ይሰማኛል። ዝም። «ተጫን ጋሼ፣ ተጫን» እያልኩ በሆዴ ለመንኩት። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ተቀምጦ በትዕግሥት ይጠብቃል፤ የሚያመልጠው ነገር እንዳለ አያውቅም። ያ ዝምታ ከሰማሁት ነገር ሁሉ የከፋ ነው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ወረቀት አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሁለት ክብ ነበር፤ የግራው ጠርዙ ላይ ጥላ አለው፣ የቀኙ መሐሉ ላይ ካለች ትንሽ ነጭ በቀር ጥቁር ነው። ለእሱ በጀርመንኛ ብዙ ነገር አስረዳችው። እሱ ራሱን እየነቀነቀ ሰማትና ወደ እኔ ዞረ።

«ትንሽ የዓይን ግፊት ነው ትላለች። ጠብታ ይሰጡኛል።»

ሐኪሟ አማርኛ አታውቅም። ግን ፊቴን አየችው፤ የተነገረኝ ነገር ማጠሩን ተረዳች መሰለኝ። «ፈረንሳይኛ ይችላሉ?» ብላ ጠየቀችኝና ቀስ ብላ ደገመችልኝ። ግላኮማ የሚባል የዓይን በሽታ ነው። ለዓመታት ሳያመው፣ ሳያሳክከው ሲበላው ኖሯል። የጠፋው አይመለስም። ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው፤ እሱም እርግጠኛ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ መንዳት አይችልም፤ ሚኒባሱንም፣ የራሱንም።

«እንዴት አላወቀውም?» አልኳት።

«አእምሮ ክፍተቱን ይሞላዋል» አለችኝ። «ጥቁር ሆኖ አይታየውም። ምንም የሌለ ነው የሚመስለው።»

ጋሼ ፈረንሳይኛ ባይችልም ምን እንደተባባልን ገብቶታል። «ነድቼ ነው የመጣሁት» አለኝ። «መኪናው ታች ነው ያለው።»

ያን ጊዜ ነው መንጃ ፈቃድ አለማውጣቴ የቆጨኝ። ሁለታችን ክሊኒኩ በር ላይ ቁልፉን ይዘን እንደጠፋ ልጅ ቆምን። በመጨረሻ ለቧንቧ ሠራተኛው ደወለላቸው። አንድም ጥያቄ አልጠየቁትም፤ በባቡር መጡ። ቀለም የነካው የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ነበር። ጋሼን ጨበጡት፤ ቁልፉን ሲቀበሉት በሁለት እጃቸው ነው የተቀበሉት። ጋሼ ፊት ወንበር ላይ አልቀመጥም አለ። ከኋላ ገባ። ከተማውን አልፈን ኦፕፊኮን ልንደርስ ስንል፣

«ከኋላ እንዲህ ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር» አለ።

ቧንቧ ሠራተኛው ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ተረጎምኩላቸው። በመስታወት አዩትና መሐረባቸውን አወጡ።

ሆቴሉ ክፉ አልሆነበትም፤ ሻንጣ ማስቀመጫ ክፍል አዛወሩት። የመኪናውን ታርጋ ፈትቶ ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ መለሰ። መኪናው ምድር ቤት ቆመ። ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ እየወረደ ሞተሩን ያስነሣ ነበር፤ የሕንፃው ጠባቂ ጭስ ነው ብሎ እስኪከለክለው ድረስ። ከዚያ ዝም ብሎ ገብቶ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ ልጠይቀው ሄጄ ቤቱ ሳጣው እዚያ አገኘሁት፤ መሪውን ይዞ፣ በሩ ክፍት ሆኖ። ከጎኑ ገብቼ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ግድግዳ አየን።

ሰዎቹ ሲሰሙ እንደ ለቅሶ ደራሽ መጡ፤ አንድ እሑድ ሁሉም፣ ዕቃቸውን ተሸክመው። መኪናውን ጎትተው ወደ ቧንቧ ሠራተኛው ጋራዥ ወሰዱት። እኔም ነበርኩ፤ ድንች ቀቅዬ፣ ሥጋ ጠብሼ አበላኋቸው። ቀኑን ሙሉ ያን የቀኝ ጎን ሲቀጠቅጡ፣ ሲሞርዱ፣ ሲቀቡ ዋሉ። የተሰበረውን መስታወት ትራም ነጂዋ ከስንት ፍለጋ በኋላ አውስትራሊያ ውስጥ አግኝታው በፖስታ መጥቶላት ነበር። ከካርቶኑ ስታወጣው ጮኹ፤ አጨበጨቡ። እየተቀባበሉ በብርሃን አዩት። ቀለሙ ሳይቀር ልክ ነው!

ገጥመው ሲጨርሱ ጋሼን ጠሩት። በግራ ዓይኑ ለማየት አንገቱን አጥፎ ቀረበ። ቀጥሎ እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው፤ በጣቱ ዙሪያውን ዞረ። «ዳንከ» አለ፤ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። «ዳንከ፣ ዳንከ።» የሁሉም ደስታ ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። ቧንቧ ሠራተኛው ወደ እኔ መጥተው በፈረንሳይኛ «ሌላ ምን እናድርግ?» አሉኝ፤ እውነተኛ ጥያቄ ነበር፣ መልስ እየጠበቁ ነበር። እኔ ደግሞ ድንቹን ማንሣት ጀመርኩ።

በበጋው መኪናውን ለትራም ነጂዋ ሰጣት። የእሷን መኪና ሌላ ሹፌር ገጭቶባት ከጥቅም ውጪ ሆኖ ነበር። ልትወስደው በመጣች ቀን ጋሼ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ጠበቃት። የአገልግሎት ደብተሩን፣ መለዋወጫውን፣ የዘይቱን ዓይነት የጻፈበትን ወረቀት ሁሉ በከረጢት አድርጎ ሰጣት። «ጠዋት ጠዋት ቶሎ አትርገጪው፤ እስኪሞቅ ጠብቂው» አላት፤ ለእኔም ተረጎመልኝ። እሷም እንደ ትልቅ ነገር ደጋግማ ራሷን ነቀነቀች። ስትሄድ እስከ መንገዱ መጨረሻ ቆመን ሰማነው። ከዚያ የአውሮፕላን ድምፅ መጣና ዋጠው።

«ሜራን ና፤ ከእኔ ጋር ኑር» አልኩት ያን ዕለት።

«ሥራዬ እዚህ ነው። ሰዎቼ እዚህ ናቸው።»

እውነቱን ነው። አሁንም በወሩ የመጀመሪያ እሑድ በአውቶቡስ ይሄዳል፤ አንዳቸው መጥተን እንውሰድህ ቢሉት እምቢ ይላል። ባለፈው ክረምት ሐኪሟ የግራውም ጥላ ትንሽ መስፋቱን ነግራዋለች። እሱ «ያው ነው» ብሎኛል፤ እውነቱን ያወቅሁት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ሳገኘው ነው።

በየቀኑ ጠዋት ከትራም እንደወረድኩ እደውልለታለሁ።

«ጠብታውን አደረግህ?»

«አደረግሁ።»

«በሁለቱም?»

«በሁለቱም አልኩሽ እኮ፣ እታለም። ሂጂ፣ ሥራሽ ይረፍድብሻል።»

ማድረግ አለማድረጉን በምን አውቃለሁ? በመሐላችን የሦስት ሰዓት ባቡር አለ። «እሺ ጋሼ» እለውና ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ የማዳምን በር እደውላለሁ።